በአንድ ማታ በሁለት ቦታ

ያሳሰረኝ የፋብሪካችን የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነው። ቀይ ሽብር አቃቂ በገባበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ እዚሁ አካባቢ ይኖራሉ፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። እሱ ግን አድርጎኛል።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ጀምሬ በዘመቻው ምክንያት አቋርጫለሁ። ሰብሳቢው ይህን ያውቃል፤ አይወደውምም። በየሳምንቱ ከሥራ በኋላ አዳራሽ ሰብስቦ ዲያሌክቲክ ያስተምረን ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አለ፦ "ግሪኮቹ አንድ ነገር ወይ ነው ወይ አይደለም ይሉ ነበር። ጀርመኖቹ መጥተው ያንን ሕግ ገደሉት። ነገር ሁሉ ተቃራኒውን በውስጡ ይዟል። ነውም፣ አይደለምም።"

እጄን አነሣሁ። ጀርመኖቹ መኖርና አለመኖር አንዱ ወደ ሌላው እንደሚያልፍ፣ ከዚያም መሆን እንደሚወለድ አስተማሩ እንጂ፣ ሰው የፈለገውን ሁሉ "ነውም አይደለምም" እያለ እንዲናገር ፈቃድ አልሰጡም አልኩ። የግሪኮቹም ሕግ አልሞተም፤ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መልኩ፣ ሆኖም ሳይሆንም አይገኝም። ይህን ካልተቀበልን ስለ ዲያሌክቲክም መነጋገር አንችልም አልኩ። ሰብሳቢው ማስታወሻውን ሲያገላብጥ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። በዚያው ሳምንት አብዮት ጥበቃዎች ቤቴ መጡ።

ያሰሩን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ከአንድ ባለርስት በተወረሰ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወንዶቹን በትልቁ ክፍል፣ እኛን ሴቶቹን በጓዳው አጎሩን። ጓዳው መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ቆርቆሮው ላይ ምስማር በተነቀለባቸው ቀዳዳዎች ነበር። በወለሉ ስንጥቅ የቀረ የጤፍ ብናኝ ላብ ካለበት ገላ ጋር ይጣበቃል፤ ነቀዝ አንገት ውስጥ ይገባል። እግር የምንዘረጋው በተራ ነው። አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን።

ያቺ የሳቀችው ሴት ቀድማኝ ገብታ አገኘኋት። የሽመና ክፍል ሠራተኛ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ባሏ በጭነት መኪና የሚሠራ። በዕድሜ ትበልጠኛለች።

"አስተማሪ፣ ምን ብለሽ ነው ያስገቡሽ?" አለችኝ።

"አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሆኖም ሳይሆንም አይገኝም ብዬ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"ወላሂ? ለዚህ ብቻ?"

"አንቺስ?"

"እኔማ ስቄ ነዋ! ያንቺ ይሻላል፤ የተማረ ሰው ወንጀል ነው። የኔን ለማን አወራዋለሁ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ዘበኛው በሩን በሰደፍ መታው።

አንድ ጠዋት ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው ከጦሩ የመጣ አስር አለቃ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው። ሰብሳቢው ከጎኑ ተቀምጧል።

"ጓዲት፣" አለ ሰብሳቢው፣ "የቡሄ ማታ ቤትሽ የሕቡዕ ስብሰባ ነበር። ያቺ የሽመና ክፍሏ ሴትዮ አብራችሁ ነበረች። እሑድ ግለ ሂስ ላይ ተነሥተሽ ይህን ተናገሪ። ከዚያ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።"

"አልነበረችም" አልኩ።

አስር አለቃው ቀና አለ። "ስብሰባው ግን ነበር?"

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። "ወይ ከአብዮቱ ጋር ነሽ፣ ወይ ፀረ አብዮት ነሽ። መሐል የሚባል ቦታ የለም።"

ይህም የግሪኮቹ ሕግ ነው፤ በነውና በአይደለም መካከል ሦስተኛ የለም የሚለው። አዳራሽ ውስጥ ገድሎት፣ ምርመራ ክፍል ሲገባ አስነሣው። ይህን አልነገርኩትም። እዚያ ክፍል ውስጥ አዋቂ መምሰል አይጠቅምም።

የገባሁበት ማጥ ይህ ነበር። ነበረች ካልኩ ይገድሏታል፤ በዚያ ሰሞን እንዲህ የተመሰከረባቸውን በመኪና ይወስዷቸዋል፣ የተመለሰ አላየሁም። አልነበረችም ካልኩ ሌሎች ነበሩ ማለት ነው፤ ስም ይጠይቁኛል። በእርግጥም ያን ማታ ሰዎች ቤቴ መጥተው ነበር። እነማን እንደነበሩ ዛሬም አልጽፍም።

ጓዳው ስመለስ ሴትዮዋ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ምን አሉሽ?"

"ምንም።"

"ስለኔ ጠየቁሽ?"

"አልጠየቁኝም።"

ፊቴን አይታ ተወችኝ። እንደ ልማዷ ማማረር ጀመረች። "እኔ ሞኝ! በቡሄ ክርስቲያኖቹ ከልጆቻቸው ጋር ያምሹ ብዬ ሁለት ፈረቃ ቆሜ ሠራሁ። በአረፋ እነሱ ይቆሙልኛል ብዬ እኮ ነው። ይኸው አረፋን ከነቀዝ ጋር ላከብር ነው።"

እውነቷን ነበር። በፋብሪካችን እንዲህ ነው የሚሠራው፤ በክርስቲያኑ በዓል ሙስሊሙ ይገባል፣ በሙስሊሙ በዓል ክርስቲያኑ። ማንም ያወጀው አይደለም። ያን ጊዜ ደግሞ ለሚሊሺያው ልብስ የሚሆን ጨርቅ በአስቸኳይ ተፈልጎ ነበር። ሰብሳቢው በማግስቱ አዳራሽ ሰብስቦን፣ በዓል ሳትል ለአብዮቱ ያደረች ብሎ ደረቷ ላይ ቀይ ሪባን አድርጎላት አጨብጭበናል። ሊያስገድላት ሲነሣ ይህን ረስቶታል። ቡሄ የእሷ በዓል ስላልሆነ መሥራቷን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ለምን ያስታውሰዋል?

እሑድ ጠዋት ግቢው ጭቃ ላይ አስቀመጡን። ግለ ሂስ ማለት እስረኛ ተነሥቶ መጀመሪያ የራሱን፣ ቀጥሎ የሌላውን ጥፋት የሚናገርበት ነው። የፋብሪካው ሠራተኞችም እንዲማሩበት ተጠርተው አጥሩ ሥር ቆመዋል። ሰብሳቢው ጠራኝ። ተነሣሁ።

"የቡሄ ማታ ቤትሽ ማን ነበር?"

"መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ" አለ አስር አለቃው።

"ጓድ ሰብሳቢ፣ ይህች ሴት የቡሄ ማታ ቤቴ ነበረች ብለውኛል። የቡሄ ማታ ፋብሪካ ስትሠራ አደረች ብለው ሪባን ያደረጉላትም እርስዎ ነዎት። የትኛው ነው?"

"ኧረ እኔን የት ነበረች አሉኝ?" አለች ሴትዮዋ ከተቀመጠችበት።

ከአጥሩ ሥር አንድ ሰው ጮኸ። "ቡሄን እሷ አይደለችም እንዴ የሠራችልን!"

የሰብሳቢው ፊት ተለዋወጠ። "ይህ የቡርዣ ሎጂክ ነው! በዲያሌክቲክ ዓይን ሲታይ፣ አካሏ ፋብሪካ ቢሆንም ዓላማዋ…"

"ጓድ፣" አለ አስር አለቃው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሴትዮዋ የት ነበረች?"

ሰብሳቢው ሠራተኞቹን አየ። እኔን አየኝ።

"ፋብሪካ" አለ።

አስር አለቃው ወደ እኔ ዞረ። "እሷ ካልነበረች ቤትሽ ማን ነበር?"

"እኔ ነበርኩ።"

"ሌላስ?"

"እኔ ነበርኩ።"

"ተቀመጪ" አለኝ። ሰኞ አስጠራኝ። ውስጥ እግሬን ነው የገረፉኝ። ያንኑ መለስኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ወደ ሽንት ቤት የምሄደው በሴቶቹ ትከሻ ነበር።

እሷን በዚያው ሳምንት ፈቷት። ስትወጣ ሻሿን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። "አላህ ያውጣሽ፣ አስተማሪ" አለች። እኔን ወደ ሌላ እስር ቤት አዛወሩኝ፤ ዓመታት ቆየሁ። አንድም ቀን ስንቅ ይዛ አልጠየቀችኝም። ባሏ ከልክሏት ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የጠያቂ ስም በተጠራ ቁጥር ጆሮዬን አቁሜ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሰብሳቢው ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ አፈላልጎ አገኘኝ። ችሎት ቀርቤ እንደጠቆመብኝ፣ በሰው ሕይወት ላይ በሐሰት ሊያስመሰክረኝ እንደሞከረ ተናገርኩ።

"ገርፎሻል?" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

አዎ ብል የሚከራከረኝ አልነበረም። ስንት ዓመት ሙሉ በሕልሜ አለንጋውን የያዘው እሱ ነበር።

"አልገረፈኝም" አልኩ። "ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።"

ስወጣ የሰብሳቢው ሚስት በረንዳው ላይ ጠብቃኝ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። እጄን ሳብኩ።

"ለእሱ ብዬ አይደለም" አልኳት።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ከፍልስፍናው ብዙው ጠፍቶብኛል። ከጀርመኖቹ አንዱ ለሚሆን ነገር ሁሉ በቂ ምክንያት አለው ይል ነበር። ለታሰርኩባቸው ዓመታት ምክንያት ስፈልግ የማገኘው የአንድ ሰው ማፈር ብቻ ነው። ምክንያት ነው። በቂ አይደለም።

ሰብሳቢው ተፈትቶ ጥቂት ዓመት ኖሮ ሞተ። እድራችን አንድ ነበር። ለቅሶ አልደረስኩም።