ከባሕር የራቀው የባሩች ወደብ

ሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ቡሪየን

ዝናቡ አላባራም። ወደ ኤርፖርት የሚወስዱኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። አሁን እዚሁ አጠገብ ዴ ሞይን ካለ የመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳሉ፤ ድሮ አሰብ ወደብ ላይ የውጭ መርከቦችን እየመሩ ያስገቡ ነበር።

ለሥራ ወደ ሙምባይ ነው የምሄደው። በመጨረሻ በሚተርፈኝ ጊዜ ከሙምባይ በስተሰሜን ያለችውን ባሩችን ሄጄ እንድመለከትላቸው የለመኑኝ እሳቸው ናቸው። በስደት በምንኖርበት በዚህ ከተማ፣ በኮሚኒቲያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚማሩ ልጆች የጥንቱን የንግድ መስመር ሥለዋል፦ ከአዱሊስ የተነሣች መርከብ የዝሆን ጥርስ ጭና ባሕሩ ዳርቻ ላይ ያለችው ባሩች ትደርሳለች። ከቤልቪው የሚመጣው ኢንጂነር ዮናስ ግን ሳተላይት ማፕ ላይ ቼክ አድርጎ ከተማዋ ባሕሩ ዳርቻ ላይ አይደለችም አላቸው። ባሕሩ ሸሽቶ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ከተሳሳቱም ሥዕሉን በሰው ፊት በገዛ እጃቸው ሊያጠፉት ቃል ገቡ። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ወላጆች መጥተው ያዩታል።

«ሶ፣ ያየኸውን ብቻ ጻፍ» አሉኝ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ለእኔ ብለህ እንዳታሳምረው።»

ሐሙስ በሳምንቱ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ባሩች

ባቡሩ ከሙምባይ ስድስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከጣቢያው በፊት የናርማዳ ወንዝ አለ፤ ሰፊ፣ ድፍርስ፣ እንግሊዞች የሠሩት አሮጌ የብረት ድልድይ የተጋደመበት። ከተማዋ ከወንዙ በስተሰሜን ጉብታ ላይ ተቀምጣለች። ጠባብ ቁልቁለት፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች፣ ጨው ያለው ኦቾሎኒ የሚሸጡ ሱቆች። አንድ ከረጢት በሃያ ሩፒ ገዛሁ።

ባሕር የለም። ሳሊም የሚባለውን እንግሊዝኛ የሚችል የባጃጅ ሾፌር ጠየቅሁት።

«ከሙምባይ መጥተህ ባሕር የት ነው ትለኛለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቅም ነገረኝ።

ወንዙ ደለል ስለሚያመጣ የባሕሩ ዳርቻ ጥቂት መግፋቱ አይቀርም። ነገር ግን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ይነግዱ የነበሩ ግሪኮችም ከተማዋ ከባሕሩ ርቃ ወንዙ ዳር እንደምትገኝ ጽፈዋል። ጋሽ ታደሰ ተሳስተዋል። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ፦ ዕቃ የጫነች የሸራ መርከብ ይህን ሁሉ መንገድ በወራጅ ውኃ ላይ ሽቅብ እንዴት ወጣች?

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ የወንዙ ታችኛው ዳርቻ

ሳሊም ራምጂ ወደሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ወሰደኝ፤ አስተርጓሚዬም እሱው ነው። የራምጂ ጀልባ ጭቃ ላይ ጋደም ብላለች። ጠብቅ አሉኝ።

ወንዙ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ቆመ። ከዚያ ከታች በኩል ድምፅ ተሰማና ውኃው ወደ ኋላ፣ ወደ ከተማው አቅጣጫ መፍሰስ ጀመረ። በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ የሚለው የባሕሩ ሙላት ነው። ታስረው የቆሙ ጀልባዎች ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የራምጂ ጀልባ ተንሳፈፈች።

የግሪኮቹ ጽሑፍ ቀሪው አሁን ገባኝ፦ ጥንትም መርከቦች በዚህ ሙላት እየተገፉ ይወጡ፣ ውኃው ሲጎድል ጥልቅ ቦታ ላይ መልሕቅ ጥለው ይጠብቁ ነበር። ከውኃው በታች ያለው አሸዋ ግን ቦታውን እየለዋወጠ መርከብ ይሰብራል። ስለዚህ የአገሩ ዓሣ አጥማጆች እስከ ወንዙ አፍ ወርደው ይቀበሏቸውና እየቀደሙ ይመሯቸው ነበር።

ራምጂ ዛሬም ያው ነው አሉ። «እንግዳ ብቻውን አይገባም። ከእኛ አንዱ ከፊት ይሄዳል።»

እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ቡሪየን

ከኤርፖርት የወሰዱኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው።

«ባሕሩስ?»

«የለም፣ ጋሼ። ያኔም አልነበረም። ከተማዋ ወንዝ ዳር ናት።»

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም መርከቧ በሸራ እንዴት ልትወጣ እንደቻለች ጠየቁኝ። ስለ ሙላቱ ነገርኳቸው። አሰብ ላይ ሙላቱ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ፈጽሞ እንዳላሰቡት ተናገሩ። ስለ ዓሣ አጥማጆቹ ስነግራቸው ግን መሪውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩንባ ተነፋብን።

ስንደርስ አዳራሹ በወላጆች ሞልቷል። ዮናስ «ጋሽ ታደሰ፣ ቃል ቃል ነው እንግዲህ» አላቸው፤ ሰው ሳቀ። እሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው ባሩችን በነጭ ቀለም ሸፈኗት። ወንዙን በሰማያዊ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ከተማዋንም ከወንዙ በስተሰሜን መልሰው ሣሏት። ከወረዱ በኋላ እንደገና ወጡና ከመርከቧ ፊት መንገድ የምትመራ አንዲት ትንሽ ጀልባ፣ በጀልባዋም ላይ አንድ ሰው ጨመሩ።

ዮናስ ቀረብ ብሎ አየ። «ይሄኛው ደግሞ ማነው፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ» አሉት፤ ብሩሹን ሊያጥቡ ወጡ።