ስም የማይጠየቅበት ቅዳሜ

የማኅበራችን ንብረት አንድ የብስኩት ካርቶን ነበር። ክዳኑ በምላጭ ተሰንጥቆ፣ ጎኑ በፕላስተር ተጠግኖ፣ ከሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሉ ኮሪደር መጨረሻ፣ ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ግጥም ወይም ትረካ የጻፈ ተማሪ ወረቀቱን አጣጥፎ፣ ስሙን ሳያሰፍር ይከተዋል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ካርቶኑ ትምህርት ክፍሉ አዳራሽ ውስጥ ይከፈታል፤ ድምፁ የሚያምር አንዱ ያነባል፣ ተቺው ይተቻል፣ የቀረነው ደግሞ እንጨምርበታለን። ጽሑፉ የማን እንደሆነ አይጠየቅም። ባለቤቱ እዚያው መሃላችን ተቀምጦ ዝም ነው። ቢመሰገን አይፈግግም፣ ቢዘለፍ አያኮርፍም፤ አቋርጦ መውጣት ደግሞ ጭራሽ ነውር ነው።

ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኛ ግቢው ስንገባ ነበረ። ብልጦቹ የራሳቸው ጽሑፍ ሲነበብ እንዳይጠረጠሩ ከሁሉም በላይ ያጣጥሉት ነበር። አንድ የክፍላችን ልጅ የገዛ ግጥሙን «ይሄ የመድኃኒት ማዘዣ ነው እንጂ ግጥም አይደለም» ብሎ ጀመረ፤ ሁላችንም ስለተስማማንለት ግጥሙን መልሶ ሊያድነው ሳይችል ቀረ። ሰሞኑን ሁሉ ለምን እንደከፋው የገባን ዓመት ቆይቶ ሲነግረን ነው።

እኔ የማኅበሩ ተቺ ነበርኩ። አባቴ ዲላ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ያደግሁት ዕቃ ሲጣጣል እየሰማሁ ነው። ገዢ ሁሉ ጨርቁን ጎተት ጎተት አድርጎ፣ ብርሃን ላይ ዘርግቶ፣ «ይሄማ በአንድ እጥበት ይለቃል» ሳይል አይገዛም። ልዩነታችን እሱ አጣጥሎ ሲገዛ እኔ አጣጥዬ መሄዴ ነው። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ይህን አልክድም። ቅዳሜ ደርሶ አዳራሹ ሲሞላ ግማሹ ሰው የሚመጣው ጽሑፍ ሊሰማ ሳይሆን እኔ ምን እንደምል ሊሰማ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን፣ የመንፈቁ ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከካርቶኑ አራት ገጽ ትረካ ወጣ። አንዲት ሴት ከጠዋት እስከ ማታ እንሰት ትፍቃለች። ሌላ ምንም የለም። ትፍቃለች፣ ታርፋለች፣ ጎረቤት መጥታ ታወራታለች፣ ደግሞ ትፍቃለች። ሙቀት ነበር፣ ምሳም አልበላሁም። አንባቢው ሳይጨርስ አስቆምኩትና ተነሣሁ።

«እንሰት ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?» አልኩ። «ይሄም ጽሑፍ እንደዚያው ነው፤ ሳንበላው እናረጃለን። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ መፋቂያውን ቢይዝ ለእኛም ለእንሰቱም ይበጃል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄን ዋጥ አድርጌ ዙሪያውን አየሁ፤ የቃሌን ፍሬ መልቀም ልማዴ ነው። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ልጅ ትቀመጥ ነበር። ከደጋው፣ ከቡሌ የመጣች ናት፤ አንድ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም፣ አንድ ቃልም ተናግራ አታውቅም። ያን ዕለት ሳቁ ሳይበርድ ቦርሳዋን አንሥታ፣ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ በተከታዩ የማኅበር ቅዳሜ ወንበሯ ባዶ ሆኖ ሳየው ግን ዶርሟ ድረስ ሄድኩ። የዶርሟን ልጅ ጠየቅኋት።

«ከባለፈው ስብሰባችሁ ማግስት፣ እሁድ በጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ሄደች» አለችኝ።

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ያን ቅዳሜ ከማኅበራችሁ ስትመለስ እያለቀሰች ነበር። ስልኳም አይሠራም። ባክሽ ፈተናው ሰኞ ሳምንት ነው፤ ካልመጣች ዓመቱ አለቀባት ማለት ነው።»

ሮጥኩና የእንሰቱን ጽሑፍ የተነበቡት ከሚቀመጡበት ፋይል አወጣሁት። ሁላችንም ስማችንን በእጃችን ከምንጽፍበት መቆጣጠሪያ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኩት፤ የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው፣ አያጠራጥርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የኔ ቃል ከአፌ ወጥቶ አንዲት ልጅ ከነሻንጣዋ ገደል ከቷል። ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ መሆኗን የዶርሟ ልጅ ነግራኝ ስለነበር ምግብ አልወርድልኝ አለ።

ጓደኞቼ አጽናኑኝ። «አንቺ ደግሞ፣ ሙድ ስትይዢ ዛሬ ነው እንዴ? ሰው በዚህ ትምህርት ያቆማል?» አሉኝ። እነሱ የሳቁ ናቸው፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ አራት ገጽ ይቅርታ ጻፍኩ። አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ በራሴ ጽሑፍ አለቀስኩ።

አርብ ዕለት ለአባቴ ቡሌ እንደምሄድ ነገርኩት።

«ምን ልታደርጊ?»

«አንዲት የግቢ ልጅ አስቀይሜ።»

«በምን?»

«በአፌ።»

«እሱማ አዲስ አይደለም» አለና ከመደርደሪያው አንድ ቀሚስ የሚወጣው ጨርቅ ቆርጦ ጠቀለለልኝ። «ለእናትየዋ ስጪ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ሹራብም ልበሺ፣ ቡሌ ዲላ አይደለም።»

ቡሌ ዲላ አለመሆኑን በማግስቱ ከሚኒባሱ ስወርድ አረጋገጥኩ። ቡናው ከኋላ ቀርቷል፤ ጭጋግ፣ ቀርከሃና ጭቃ ብቻ። የሱቅ ልጅ ጫማዬ ከመቶ እርምጃ በኋላ ጫማነቱን ተወ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝና «የማን እንግዳ ነህ አንተ?» አሉኝ። እዚህ አካባቢ ሴት ልጅን እንዲህ ቢሏት አትቆጣም፤ አማርኛውን ስንካፈለው አንዳንዱ ነገር ተደባልቆ ደርሶናል። የዶርሟ ልጅ የነገረችኝን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ቤት እንደምፈልግ ስነግራቸው ዱላዬን ያዝ ብለው እስከ አጥሩ ድረስ ወሰዱኝ።

ከጓሮ የመፋቅ ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ ሳንቃው ፊት ተቀምጣ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ የእንሰቱን ልጥ በእግሯ ወጥራ በቀርከሃ ትፍቃለች። አራቱ ገጽ ቆሞ ሲሄድ አየሁት። ብዕሩን አስቀምጦ መፋቂያውን ቢይዝ ብዬ ነበር፤ ይኸው ይዛለች።

ሰላም ሳልላት «ይቅር በይኝ» አልኳት።

ቀና አለች። «ውይ! አንቺ? ምን ሆነሽ ነው? ሰው ሞተ?»

«በእኔ ምክንያት ትምህርትሽን አቋርጠሽ…»

«ማን ነው ያቋረጠ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያን ቅዳሜ ጽሑፉ መነበብ እንደ ጀመረ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የወንድሟ መልእክት ነው። እናቷ ከምንጭ ሲመለሱ ጭቃ አዳልጧቸው ክንዳቸው ተሰብሯል። እንሰቱ ደግሞ ቀድሞ ተነቅሎ ጓሮ ተጋድሟል፤ ከተነቀለ ወዲያ ቀጠሮ አያውቅም። መፋቅ የሴት ሥራ ነው፣ የወንድሟ ሚስት ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል። ስለዚህ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደውላ አስፈቅዳ መጣች። ስልኩን ሁለተኛው ቀን ውሃ ገባበት። እሁድ ትመለሳለች፣ ሰኞ ትፈተናለች። ደብተሯ ደጃፉ ላይ፣ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

እፎይ! እዚያው የተነቀለ ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ሳምንት ሙሉ ደረቴ ላይ የተጫነ ድንጋይ ተነሣልኝ፤ ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ከእፎይታው ሥር ትንሽ ቅርም አለኝ። ያን ያህል የተፈራው አፌ ለካ ማንንም አላፈናቀለም።

«ግን» አለች መፋቂያዋን አስቀምጣ፣ «ግማሹን አልሰማሁም። ስለ ጽሑፌ ምን አልሽ?»

የማኅበሩ ደንብ እዚያ ጓሮ ውስጥ ፈረሰ። «ጽሑፌ» አለች። እኔም አንድ አዳራሽ ሰው ፊት በድፍረት የተናገርኩትን ለአንዲት ልጅ ብቻዋን መድገም ነበረብኝ። ሞከርኩ። ሳቅ ሳያጅበው ምንኛ ያስጠላል! «መፋቂያውን ቢይዝ» ላይ ስደርስ ቶሎ ብዬ አለፍኩት። እሷ ግን ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ የቅዳሜ ፊቷን አድርጋ አዳመጠችኝ።

እናትየው ክንዳቸውን በሻርፕ አንጠልጥለው ከበሩ ወጥተው ነበር። በጌዴኦኛ ጠየቋት፣ ተረጎመችላቸው። የኔን ሒስ ከነእንሰቱ ተረጎመችላቸው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትዮዋ በጥሞና ሰምተው፣ አሰብ አደረጉና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጅቷ በሳቅ ተንከተከተች።

«ምን አሉ?»

«እኔም ረዝሟል ብያት ነበር ትላለች። ሥራውን እየሠራን አንብባልኝ፣ ሁለት እንሰት ፍቀን አልጨረሰችም። ደግሞ… ዝናቡን ረስታዋለች ትላለች። ሲፋቅ የሚያስፈራው ዝናቡ ነው።»

እኔ ያን ሁሉ ሰምቼ ዝናብ እንደጎደለው አልታየኝም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለኔ ነው። ጨርቁን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፣ በደህናው እጃቸው ጎተት አደረጉት፣ ብርሃን ላይ ዘረጉትና ደግሞ አንድ ነገር አሉ።

«ሲታጠብ ይለቃል ወይ ትላለች።»

«አይለቅም!» አልኩ፤ አባቴ እንኳ እንዲህ ብሎ ሲምል ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ መፋቂያውን አስያዙኝ። ልጡን መያዝ አቃተኝ፣ እግሬ ተንሸራተተ፣ ቀርከሃው ሹራቤን ያዘ። እናትና ልጅ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁብኝ። ያን ያህል ተስቆብኝ ያን ያህል ቀሎኝ አያውቅም። ምሳ ቆጮ በጎመን ቀረበ፤ እነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪጸልዩ ጠበቅኋቸው፣ እኔም ቢስሚላሂ ብዬ በላሁ። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ልትሸኘኝ ስትነሣ ከቦርሳዬ የወጡትን አራት ገጾች አየቻቸው።

«ምንድን ነው?»

«ለአንቺ የጻፍኩት… ይቅርታ። አሁን ምንም አያደርግልሽም።»

እጇ በእንሰት ርሶ ነበርና አልነካችውም። «ጽሑፍ ከሆነ» አለች፣ «ቦታው ካርቶኑ ነው።»

ሰኞ ለፈተና ስንሄድ ከፊቴ ቀድማ ወደ ክፍሏ ስትገባ አየኋት፤ እጇ ላይ የእንሰቱ ጥቁር ገና አልለቀቀም። እኔም ከፈተናው ስወጣ፣ ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ አራቱን ገጽ አጥፌ ካርቶኑ ውስጥ ጣልኩት። ስሜን አልጻፍኩም።

ፈተናው ሲያልቅ ቅዳሜ መጣ። የኔ ወረቀት ሦስተኛ ሆኖ ወጣ። አንባቢው በዚያ በሚያምር ድምፁ «እህቴ ሆይ» ብሎ ጀመረ። ያለቀስኩበት ሦስተኛ ገጽ ላይ ሲደርስ ከኋላዬ አንዱ በረጅሙ አዛጋ። አንዷ «ይሄ ሰው ሼም የለውም?» አለች። ያ የገዛ ግጥሙን «የመድኃኒት ማዘዣ» ያለው ልጅ ደግሞ «ይቅርታ ነው የቀብር ንግግር?» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

ያኔ መስኮቱ ጋ ወንበር ተንቋቋ። ልጅቷ ቆማለች። ግቢው ከገባች ጀምሮ እዚህ ድምጿን የሰማ የለም።

«ረዝሟል» አለች። «አራት ገጽ ነው። ሦስት ተኩሉ ስለ ጸሐፊው ሐዘን ነው። አላስተኛኝም፣ አላስበላኝም ይላል። የተበደለችው ሰው ግማሽ ገጽ ነው የደረሳት። ምን እንደምትወድ፣ የት እንደሄደች፣ ለምን እንደሄደች አልጠየቃትም።» ወረቀቱን አላየችውም፤ ሲነበብ ሰምታ ይዛዋለች። «የመጨረሻው መስመር ግን ጥሩ ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ይበቃ ነበር።»

አንባቢው ገልጦ ፈለገና ድጋሚ አነበበው። «ወንበርሽ ባዶ ነው፤ ተመለሺ» ይላል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ተቺዋስ? ምን ትያለሽ?» አሉኝ። ተነሣሁ። እንደ ብልጦቹ አፈር ድሜ ላበላው እችል ነበር፤ ልከላከልለትም ቃጥቶኝ ነበር።

«ልክ ናት» ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ደቂቃ ያልሞላ ሒስ ሰጥቼ አላውቅምና አዳራሹ ግራ ተጋባ። ደንብ ነውና አልፈገግሁም። ሰው ሁሉ ወደሚቀጥለው ወረቀት ሲመለስ ቀስ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሷም አልፈገገችም፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።