ግብሬን በቅርጫ ደንብ

ከሥራ በተሰናበትኩ ማግስት፣ በወረቀት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከኔ የሚበልጥ ደመወዝተኛ አልነበረም።

አምስት ዓመት በንብረት ክፍል ያገለገልኩት የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ፕሮጀክቱን ጨርሶ አሰናበተን። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልከፋኝም። የሥራ ስንብት ክፍያዬ ገና እጄ ሳይገባ ገበያ ውስጥ አንዲት ያገለገለች የስፌት መኪና አይቼ ቀብድ ጥዬባታለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ወላጅ ሞልቷል። ነጋዴው ግን «እስከ ቅዳሜ ካልመጣሽ መኪናዋንም ቀብዱንም እርሺው» ብሎኛል።

ሐሙስ ጠዋት የክፍያ ወረቀቴን ባየው፣ ለገቢ ግብር ተብሎ የተቀነሰው የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ውጦታል። ነደደኝ። እኔ ስናደድ ድምፄ ቀድሞኝ ነው ቢሮ የሚገባው። ሒሳብ ሠራተኛው ጨዋ ወጣት ነው፤ ጮኼ እስክጨርስ ጠበቀኝና «እህቴ፣ የዚህ ወር ገቢሽ ከፍ ስላለ የመጨረሻው የግብር እርከን ውስጥ ገባሽ። ምን ላድርግ?» አለኝ።

እየተንጨረጨርኩ ግብር ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ሠራተኛ ደንቡን አውጥታ አነበበችልኝ። የስንብት ክፍያ መጀመሪያ በመጨረሻው ወር ደመወዝ ልክ ይከፋፈላል፤ ግብሩ በአንዱ ክፍል ላይ ይሰላል፤ ከዚያ በክፍሎቹ ቁጥር ይባዛል። ልጁ ለካ ሁሉንም ገንዘብ የአንድ ወር ደመወዝ አድርጎ ቆጥሮታል። «ግብሩ ወደ እኛ ሳይላክ ቶሎ ያስተካክለው» አለችኝ። ደውዬ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ማካፈሉንና ማባዛቱን አደባልቄ እሱንም እኔንም ግራ አጋባሁ።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ከገጠር፣ ከአማኑኤል መጡ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ በመንደራችን ለበዓል የቅርጫ በሬ ሲታረድ ሥጋውን የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ነገርኳቸው። እኔ እንባዬ ሊመጣ ነው፣ እሳቸው ይስቃሉ።

«ይኸማ ቅርጫ አይደል እንዴ! ተነሽ እንሂድ።»

ቢሮ ስንደርስ ሒሳብ ሠራተኛው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

«ልጄ፣ ቅርጫ ገብተህ ታውቃለህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«በሬው ሲገዛ አንድ ነው። መደብ መደብ ሳይደረግ ግን ከሥጋው የሚያነሳ አለ?»

«ኧረ የለም።»

«አንተ እኮ ባልተመደበ በሬ ላይ ነው ቢላህን ያሳረፍከው። በወር ደመወዟ ልክ መድበው። መንግሥትም ከየመደቡ ድርሻውን ያንሳ፤ ማን ከለከለው?»

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ደግነቱ ግብሩ ገና አልተላከም። የኔን ብቻ ሳይሆን አብረውኝ የተሰናበቱትን ሁሉ ወረቀት አውጥቶ እንደገና ሠራው፤ ግብሬ ወርዶ ገንዘቤ ያንኑ ቀን እጄ ገባ። ትናንት ስለጮኽኩበት አፈርኩና ይቅርታ ጠየቅኩት።

ቅዳሜ መኪናዋን በባጃጅ ወሰድናት። አባቴ ጭናቸው ላይ አድርገው አቅፈዋት፣ ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር «ቀስ በል እንጂ! የልጄን እንጀራ ነው የያዝኩት!» እያሉ ሾፌሩን መፈናፈኛ አሳጡት። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

ቤት እንደገባን ሜትር አንስቼ የመጀመሪያውን ኮት ለሳቸው ልሰፋ ስል እጄን ያዙኝ።

«የመደበ ሰው ዕጣ የሚያነሳው መጨረሻ ነው። መጀመሪያ የልጆቹን ስፊ።»

ቅር ብሎኝ ተውኩት። ተማሪው ሁሉ ለብሶ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው ተራቸው የደረሰው። ትከሻቸውን ስለካ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። በየበዓሉ ሰው ሁሉ ዕጣውን አንስቶ ሲሄድ እኔና አባቴ እንቀር ነበር። ቤታችን ይገባ የነበረው ሁልጊዜ ያ መጨረሻ የቀረው መደብ ነው፤ አንድም ቀን ከሌላው አንሶ አያውቅም።