የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነፋስ

ሃያ ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ሳስተምር እንደ ዘንድሮ የታከተኝ ጊዜ የለም። ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ያለችው ትምህርት ቤታችን ነፋስ አያጣትም፤ እኔ ግን የነፋስ ኃይልን የማስተምረው መጽሐፉ ላይ ካለች አንዲት ደብዛዛ ሥዕል ነው። "ኧረ በቃኝ!" አልኩና ከዘይት ጀሪካን ክንፍ ቆርጬ፣ ከተበላሸ ቴፕ ሞተር ነቅዬ፣ ሚጢጢ አምፖል አስሬ የነፋስ መዘውር ሠራሁ።

ዓርብ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስምንተኛ ክፍሎችን ሜዳ አወጣኋቸው። ወይ ፍንክች! ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። አንዱ በአፉ እፍ ቢልባት ሁሉም አውካኩ። ንድድ ብሎኝ "ግቡ!" አልኩ።

አንዲት ዝምተኛ ልጅ ወደ ኋላ ቀረች።

"ቲቸር፣ ነፋሱ እኮ የሚነሣው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። አውድማ ላይ እሱን ስንጠብቅ ነው የምንውለው" አለችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ ከሰኞ ጀምሮ እንደማትመጣ ነገረችኝ። አባቷ "ትምህርቱ ይብቃሽ" ብሏታል።

ድክም አለኝ። በየዓመቱ እንዲህ የምትቀርብኝ ልጅ አለች፤ በየዓመቱ አባት ለምኜ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ መዘውሬን ይዤ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ አውድማቸው ድረስ ወጣሁ።

አባትየው የተወቃው ስንዴ አጠገብ መንሻቸውን ተደግፈው ነፋስ ይጠብቃሉ። ልመናዬን ሳልጨርስ ነፋሱ መጣ። መዘውሯ ተሽከረከረች፤ አምፖሏ ቦግ አለች።

"በስመ አብ! ይህን ማን ሠራው?"

"ልጅዎ" አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ከጎናቸው ምርት የምትሰበስበው ልጅቱ ደንግጣ አየችኝ።

ሰውየው አምፖሏን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። "እንግዲያው ትማር። ነፋሱ ሳያልፍብኝ ግን መንሽ ይያዙልኝ፣ መምህር" አሉኝ። አብሬያቸው ሳዘራ ወገቤ ተቆረጠ።

ሰኞ ጠዋት ገና ክፍሉን ሳልከፍት ልጅቱ በሩ ላይ ቆማለች። ደስ አለኝ። እሷ ግን እንባ አቅርራለች።

"ቲቸር፣ አባቴ እንዴት እንደሠራሽው አስረጂኝ እያለኝ ነው። ዛሬ ካላስረዳሁት ያውቅብኛል፤ ያስቀረኛል።"

የኔ ነገር! መቀመጥ ብቻ ነበር ያማረኝ። መዘውሯን ከሣጥን አወጣሁ፤ ክንፉን፣ ሞተሩን፣ ሽቦውን፣ አምፖሉን አንድ በአንድ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

"በይ፣ ሥሪያት" አልኳት።