የአባቴ ሁለት በሬዎች

ባለፈው ሳምንት ሕግ የተማረው የጎረቤቴ ልጅ ከአዲ አርቃይ የመጣልኝን ደብዳቤ አነበበልኝ። ወንድሜ ታከለ አርፏል። ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ አንዲት ቤትና ጥቂት ፍየሎች ትቷል። «ወራሹ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ ልጁ። ደስ የሚያሰኝ ነገር የነገረኝ መስሎት ነበር። እኔ ግን ይህን ቃል ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ዓመቱን ተዉት። ከደባርቅ በላይ፣ ገብሱን ውርጭ በሚቀድመን አገር እንኖር ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ቤቱ የአባቴ፣ የታላቄ የታከለና የእኔ ብቻ ነበር። እኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ታከለ ሚስት ታጭታለት ጎጆ ለመውጣት ቸኩሏል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ በበሬዎቹ ከመጡበት ግን አይቻልም።

በኅዳር፣ በአጨዳው ወቅት፣ ለአባቴና ለታከለ በሶ ይዤ ስሄድ ከማሳችን እርከን አፋፍ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ደረስሁ።

«አንዱን በሬ ስጠኝና ልውጣ!» ይላል ታከለ።

«ስሞት ትወስደዋለህ» አለ አባቴ ሳቅ ብሎ።

ታከለ ዱላውን ሰነዘረ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ ወደ ታች ወደቀና አልተነሣም። ታከለ ሮጦ ወርዶ አቀፈው። ለመጣው ሰው ሁሉ «አዳልጦት ነው» አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ወንድሜ እኮ ነው።

እስከ አርባው ድረስ ከአንድ ገበታ ሳንተያይ በላን። ከተዝካሩ ማግስት ሽማግሎች ውርስ ሊያካፍሉን ተቀመጡ። መሬቱ የገበሬ ማኅበሩ ነው፤ የሚካፈለው ቤቱ፣ ሁለቱ በሬዎችና በጎቹ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ከማካፈል በፊት የሟች የንስሐ አባት ይገዝታሉ፤ በየሰው እጅ ያለ የሟች ዕቃ ተደብቆ እንዳይቀር ነው። መምሬ አድማሱ መስቀላቸውን አንሥተው፣ «የሚያውቀውን የደበቀ ውግዝ ከመ አርዮስ ይሁን!» አሉ። እሳቸው የጠየቁት ስለ ዕቃ ነበር። እኔ ግን ተነሣሁ።

«አባ፣ አባቴን አላዳለጠውም። ታከለ መትቶት ነው።»

ታከለ መሬት መሬት እያየ፣ «እውነቷን ነው» አለ። ቢያስተባብል ኖሮ የሚቀለኝ ይመስለኛል።

ከሽማግሎቹ አንዱ፣ «ታዲያ የገደለውን ሰው ይወርሳል እንዴ?» አሉ። የተከራከረ የለም። ሁሉም ለእኔ ሆነ። ታከለን የማኅበሩ ታጣቂዎች ወደ ደባርቅ ወሰዱት።

እውነት ተናገርሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። «ለሁለት በሬ ወንድሟን አስበላች» ተባለ። በሬዎቹ ደጄ ላይ ሲያመነዥኩ ይውላሉ፤ የሚጠምዳቸው የለም። የሚያገባኝም ጠፋ። ክረምት ሲገባ፣ ጭጋጉ በሩን ሲዘጋው፣ ብቻዬን እሳት ዳር ቁጭ ብዬ «ግዝቱን ፈርቼ ነው» እላለሁ። ደግሞ «ለአባቴ ደም ነው» እላለሁ። ወይስ ለቤቱ ብዬ ይሆን? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ታከለ በጣም ናፈቀኝ፤ ያሳሰርሁት ራሴ ሆኜ ናፈቀኝ።

ታከለ ከእስር ሲወጣ ወደ እኛ አልመጣም፤ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ወረደ። «ና፣ ቤቱ የሁለታችን ነው» ብዬ በገበያተኛ ላክሁበት። «እቴ፣ የገደለ አይወርስም ተብሏል» የሚል መልስ መጣልኝ። ሌላ ቃል አልጨመረበትም።

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ማመልከቻዬን ሊጽፍልኝ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ሟቹን እርስዎ እስካልገደሉት ድረስ የሚከለክልዎት ሕግ የለም» ብሎ ሳቀ።

«ቆይ ልጄ፣» አልሁት፣ «ገና አትጻፈው።»