ስለ እኔ የተሰገደ

ወንድ እንደምወድ በኖርዌጅኛ መናገር ከሰለቸኝ ቆይቷል። እዚህ አገር አንዴ ተናግረኸው የምትገላገለው ነገር አይደለም። መሃል ከተማ፣ ሴንትሩም ያለው መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ምሳ ላይ "ቅዳሜና እሁድን ከማን ጋር አሳለፍክ?" ይባላል፤ እናገራለሁ። ጠያቂው ፊቱን አለስልሶ "ደፋር ነህ" ይለኛል። ምኑ ነው ድፍረቱ? ዳቦዬን እየበላሁ ነው። ከዚያ እሱ እንዳይሳቀቅ እኔው መልሼ አጽናናዋለሁ።

በአማርኛ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያሉት ቃላት ወይ ስድብ ናቸው፣ ወይ ዜና አንባቢ ያስመስላሉ። ለእናቴ በየትኛው ልንገራት? እሷ ሊንደበርግ የሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች፤ እኔ ስቶቭነር፣ ከምወደው ሰው ጋር። "ጓደኛህ ደህና ነው?" ትለኛለች። "ደህና ነው" እላታለሁ፤ በዚሁ ያልፋል። እንዳላጣት እፈራ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አምና ጉልበቷ አብጦ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ፊዚዮቴራፒ ወሰድኳት። አስተርጓሚ ይምጣልሽ ስትባል "ናይ፣ ልጄ አለ" ብላ እምቢ አለች። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ጉልበቷን እየነካካች፣ እናቴ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደምታደርግ ጠየቀችኝ። እናቴ ትንሽ አሰበችና "ስግደት በላት" አለችኝ። እንዴት ብዬ እንደማስረዳት ግራ ስለገባኝ ተነሥቼ ወለሉ ላይ ሰግጄ አሳየኋት። ልጅቷ ደነገጠች።

"በዚህ ዕድሜዋ? በየቀኑ?"

"ያ" ብላ በኖርዌጅኛ አዎ አለች እናቴ፣ ሳይተረጎምላት።

ወደ ሊንደበርግ ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ንድድ ብሎኛል። የተናደድኩት ግን በእሷ ሳይሆን በንስሐ አባቷ ነው።

"ለመሆኑ ምን አጥፍተሽ ነው አባ ይህን ሁሉ ቀኖና የሚሰጡሽ? ሰው አታሚ፣ ሰው አታስቀይሚ..."

"እሳቸው አይደሉም የሰጡኝ" አለች፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች። "የኔም አይደለም። ያንተ ነው።"

"የኔ ምን?"

"ስቶቭነር ገበያ አዳራሹ ውስጥ ያ ልጅ ኮሌታህን ሲያስተካክልልህ አየኋችሁ። እንደዚያ አድርጋ የምታስተካክል ሚስት ናት። ለአባ ነገርኳቸው። የራስሽን ብቻ ተናዘዢ፣ የእሱን እሱ ይምጣና ይናገር አሉኝ። እኔ ግን እስኪመጣ ልስገድለት ብዬ ጀመርኩ።"

"መቼ ነው ያየሽን?"

"ኧረ ቆየ። ገና አብራችሁ እንደገባችሁ።"

አፈርኩ፤ መልሼ ደግሞ በገንኩ። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌ ላይ አድርሼ የመለስኩትን ነገር፣ እሷ ለማላውቃቸው ሰው ኃጢአት አድርጋ ነግራልኛለች። ኑዛዜ ሰው የራሱን የሚናገርበት ነገር ይመስለኝ ነበር። የኔን ግን እናቴ ወስዳዋለች፤ ጉልበቷንም ከፍላበታለች። ልቆጣ ፈለግኩ፣ አቅም አጣሁ። እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም።

"እማዬ፣ እኔ ንስሐ አልገባም" አልኳት በመጨረሻ። "ያጠፋሁት ነገር የለም። እሱን እወደዋለሁ፤ አብሬው እኖራለሁ። አባ ዘንድ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። ጉልበትሽንም በከንቱ አትጨርሺ። በቃ፣ ተዪው።"

በአማርኛ የተናገርኩት ይኸው ነው። እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ታያለች። እኔም እጆቼን እያየሁ፣ ይኸው አጣኋት፣ አልኩ በልቤ።

ሊንደበርግ ደረስን። ክንዴን ጨብጣ በጭንቅ ተነሣች።

"እኔ አንተን ተው ብዬህ አውቃለሁ?" አለችኝ። "እንግዲያው አንተም እኔን ተዪ አትበለኝ።"