ስድሳ ክንድ ገደል

ሰሞኑን ከቢሯችን ፊት ለፊት ፎቅ እየተሠራ ነው። ትናንት ለምሳ ስወጣ ሁለት ሠራተኞች የአሸዋ ባልዲ በገመድ ይጎትታሉ። የታችኛው "ይዘኸዋል?" አለ። የላይኛው "ማርያምን፣ ይዤዋለሁ!" ብሎ መለሰ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ መንገዱ መሃል ተገትሬ ቀረሁ፤ ባጃጅ ጡሩንባውን ባይነፋብኝ ኖሮ እዚያው ነበርኩ። ጌታነህ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ደብረ ታቦር ገና ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ክረምት ሲገባ ጭቃው የትም አያስኬድም። ሰሎሞን የሚባል የሰፈራችን ልጅ አዲስ አበባ አጎቱ ጋ ከርሞ ሲመጣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ የጨዋታ መጽሐፍ ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይፈጥራል። ሰሎሞን ዳኛ ሆኖ ተረቱን ይነግረናል፤ ጀግናችን ምን እንደሚያደርግ እኛ እንናገራለን፤ ይሳካ አይሳካ ዳይስ ጥለን እናያለን። የልብ ጓደኛዬ ጌታነህ ወንበዴ ሆነ። እኔ ደብሪቱ የምትባል አዳኝ ሆንኩ።

መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ ደብሪቱን እወዳት ነበር። እኔ ከቤት ወፍጮ፣ ከወፍጮ ቤት ስመላለስ እሷ ዘንዶ ትገድላለች። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እነሰሎሞን ቤት ቅቅል ድንች በአዋዜ እየበላን አሳደግኳት።

መጽሐፉ የመውደቅ ሕግ ነበረው። ለየአሥር ክንዱ አንድ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ከጀግናው ነፍስ ላይ ይቀነሳል። ነፍሱ ካለቀች ሞተ፤ አለቀ። እኛ የገደል አገር ልጆች ስለሆንን ተረታችን ሁሉ ገደል ነው፤ እየወደቅን አለቅን። ስለዚህ የራሳችንን ሕግ ጨመርን፣ ሐሳቡም የእኔ ነበር፦ ገመድ የሚይዘው ሰው በማርያም ከማለ ዳይስ አይጣልም። በማርያም ምሎ ማን ይከዳል?

በሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሰሎሞን ስድሳ ክንድ ገደል ሥር የወርቅ ዘውድ እንዳለ ነገረን። ዘውዱን የያዘ ይነግሣል። ጌታነህ "ማርያምን፣ ገመዱን እኔ እይዝልሻለሁ" አለኝ። ደብሪቱ ወረደች፤ ዘውዱን ገመዱ ላይ አሰረችለት፤ ሳበው። ገመዱንም መልሶ ላከላት። አፋፉ ላይ ልትደርስ ስትል ጌታነህ ድንቹን እያላመጠ፣

"ለቀቅኩት" አለ።

"ምኑን?"

"ገመዱን።"

"ምለሃል እኮ!"

"የማለው ወንበዴው ነው እንጂ እኔ መቼ ማልኩ? ወንበዴ ደግሞ ማርያምን አያውቅም።"

ወደ ሰሎሞን ዞርኩ። "አንተስ ዳኛ አይደለህም? ዝም ትላለህ?"

ሰሎሞን አቀረቀረ። "እሱም እውነቱን ነው" አለና ዳይሱን አነሳ። ስድስት ጊዜ ጣለ። ተደምሮ ሃያ ሦስት ወጣ። የደብሪቱ ነፍስ አሥራ ዘጠኝ ነበረች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ የገባኝ ያን ቀን ነው። በዝናብ እያለቀስኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ደብሪቱ የወረቀት ሰው ናት፤ ሞቷን እችለው ነበር። እኔ ግን ያመንኩት ወንበዴውን አልነበረም፣ ጌታነህን ነው። ኮሌጅ እስክገባ ድረስ በሰፈራችን ጎን ለጎን ስናልፍ ቃል አልተነፈስኩለትም።

አምና ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ሸብቷል። "እንዴት ነሽ እህቴ?" አለኝ። አላስችል አለኝና የዘውዱን ነገር አነሳሁበት።

"የምን ዘውድ?" አለ።

እያስመሰለ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ከልቡ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ስነግረው "ወይ ልጅነት!" ብሎ ሳቀና ከሰሃኑ ንፍሮ ዘግኖ ሰጠኝ።

ተቀበልኩት፤ ለቅሶ ቤት ምን ይደረጋል? ግን እስካሁን ያበግነኛል። ይህን ያህል ዓመት ይቅርታ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስለት ሳሰላስል ኖሬአለሁ፤ እሱ እቴ፣ ምን እንዳደረገኝ እንኳ አያውቅም።